ከጉባኤ ቃና እስከ ትልቁ መጽሐፍ
የሐዲስ ዓለማየሁ ሕይወት ለጀማሪ ጸሐፊ

ከፍኖተ ሰላም ተነሥቶ ወደ ቡሬ የሚሄድ መንገደኛ በመንገዱ ላይ ማንኩሳን ያገኛል። ከአውቶቡስ መስኮት ሲያዩት እንደ ማንኛውም የመንገድ ዳር ከተማ ነው። ይሁን እንጂ ማንኩሳን በዐይኑ አይቶ የማያውቅ ስንትና ስንት ሰው ስሙን ያውቀዋል። ምነው ቢሉ፣ በዛብህ የተወለደው እዚያ ነዋ! በዛብህ ደግሞ ሥጋ ለባሽ ሰው አይደለም፤ የ«ፍቅር እስከ መቃብር» ሰው ነው። አንድ ጸሐፊ በብዕሩ የወለደው ልጅ ለአንድ አገር ይህን ያህል ስም ማትረፉ ቀላል ነገር አይደለም።

ውድ አንባቢያን፣ በመካከላችን ደብተሩን ከፍራሽ ሥር የደበቀ ጸሐፊ ሞልቷል። ሦስት ገጽ ይጽፋል፣ ከዚያ ይተዋል። ለምን ተውከው ሲሉት መልሱ ከሦስቱ አንዱ ነው፦ ጊዜ የለኝም፤ የገጠር ሰው ነኝ፣ ምን የሚጻፍ ነገር አለኝ፤ ሰው ይስቅብኛል። እስቲ እነዚህን ሦስት ምክንያቶች ይዘን የሐዲስ ዓለማየሁን ሕይወት እንመልከት።

ሐዲስ ዓለማየሁ በ1902 ዓ.ም. በጎዛምን፣ ከደብረ ማርቆስ አጠገብ፣ እንዶዳም ኪዳነ ምሕረት ተወለዱ። ከካህን ቤት የተወለዱ እንደ መሆናቸው ትምህርት የጀመሩት በቤተ ክህነት ነው፤ በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና በዲማ ጊዮርጊስ ተምረዋል። የቅኔ ቤትን ኑሮ ከእኛ ውስጥ የቀመሰው ያውቀዋል። የቆሎ ተማሪ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ከውሻ ጋር እየታገለ ቁራሹን ለምኖ ይበላል። ከዛፍ ሥር ብቻውን ተቀምጦ ቅኔውን ይቆጥራል፤ ከዚያ መምህሩ ፊት ቀርቦ የቆጠረውን ይናገራል። መምህሩ ይሰማል፣ ያርማል፣ የተሰበረውን ቤት ይጠግናል። ጓደኞቹም ቆመው ይሰማሉ፤ የሚስቅም አይጠፋም። በነጋታው ደግሞ እንደገና ነው።

ልብ እንበል፣ ማንም ሰው ከመወድስ አይጀምርም። መጀመሪያ ሁለት ቤት ያላት ጉባኤ ቃና አለች። ቀጥሎ ዘአምላኪየ በሦስት ቤት፣ ዋዜማ በአምስት፣ ሥላሴ በስድስት ይመጣል። ስምንት ቤት ያለው መወድስ የሚደረሰው በዚህ መሰላል ነው። እኛ ግን ገና በመጀመሪያው ምሽት ትልቅ መጽሐፍ ካልጻፍን ብለን እንነሣለን፤ ሳይሆን ሲቀር ተሰጥኦ የለኝም ብለን እንተወዋለን። ኧረ ለመሆኑ ጉባኤ ቃናችንን መቼ ቆጠርን?

ወጣቱ ሐዲስ ከዚያ በኋላ ወደ አዲስ አበባ ሄደው በስዊድን ሚሲዮንና በተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ዘመናዊ ትምህርት ተማሩ። ገና ተማሪ ሳሉም ቲያትር ጻፉ። ቀጥሎ ወደ ጎጃም ተመልሰው በጉምሩክ ጸሐፊነት፣ ኋላም በመምህርነትና በትምህርት ቤት ኃላፊነት ሠሩ። እንግዲህ እኝህ ሰው ከሁሉ በፊት የሙያ ባልደረባችን ናቸው ማለት ነው።

በ1928 ዓ.ም. ጦርነት መጣ። ሐዲስ ከራስ እምሩ ጋር በሰሜን ግንባር ዘመቱ፤ ጦሩ ወደ ምዕራብ ካፈገፈገ በኋላም ትግሉን ቀጠሉ። በመጨረሻ ጎጀብ ወንዝ አካባቢ ተማርከው ወደ ኢጣልያ ተጋዙ። በጶንዛና በሊፓሪ ደሴቶች፣ በባሕር ተከበው፣ ሰባት ዓመት ያህል በእስር አሳለፉ። ሌላው ሰው ኑሮውን በሚያደላድልበት ዕድሜ እሳቸው እስረኛ ነበሩ። የተባበሩት ኃይሎች ጦር ነጻ ካወጣቸው በኋላ ለአገራቸው በቁ።

ከዚያስ ፋታ አገኙ? የት ተገኝቶ! በኢየሩሳሌም ቆንስል፣ በአሜሪካና በተባበሩት መንግሥታት ዲፕሎማት፣ የትምህርት ሚኒስትር፣ በለንደን አምባሳደር፣ የፕላን ሚኒስትር ሆነው ሠርተዋል። «ተረት ተረት የመሠረት» የታተመው በ1948 ዓ.ም. ነው። ቲያትር ጽፎ ከነበረው ተማሪ እስከዚህ መጽሐፍ ድረስ ከሃያ ዓመት በላይ አለፈ። ከ500 ገጽ በላይ የሆነው «ፍቅር እስከ መቃብር» ደግሞ በ1958 ዓ.ም. ሲወጣ ደራሲው የ56 ዓመት ሰው ነበሩ። ጊዜ የለኝም ለሚለው ከዚህ የበለጠ መልስ ከየት ይመጣል?

ሁለተኛው ምክንያትም እዚሁ ላይ ይወድቃል። የብዙ አገር ከተሞችን ያዩ ሰው ብዕራቸውን ሲያነሡ የጻፉት ስለ ኒውዮርክ ሳይሆን ስለ ማንኩሳና ስለ ዲማ ነው። ልጃቸው እንዲያድግላቸው ብለው የተሳሉ ወላጆችን፣ የቅኔ ተማሪን፣ በባላባትነቱ የሚኮራ ጌታን፣ እውነት በመናገሩ ጉዱ የተባለውን ካሣን ጻፉ። ይህ ሁሉ እሳቸው ያደጉበት፣ የተማሩበት ዓለም ነው። ገጠሩ ድኻ የሆነው በታሪክ አይደለም፤ በጸሐፊ ነው።

ሦስተኛው ምክንያት፣ ፌዝን መፍራት፣ የሁላችንም ነው። መድኃኒቱ ግን ከቅኔ ቤት አልወጣም፤ ይኸውም የጻፉትን ይዞ አራሚ ፊት መቅረብ ነው። በአደባባይ የታረመ ተማሪ ነገ ያንኑ ስሕተት አይደግምም። ደብተሩን የደበቀ ግን ስሕተቱንም አብሮ ደብቆ ያኖራል።

ሐዲስ በዚያ መጽሐፍ አላበቁም። «ወንጀለኛው ዳኛ» በ1974፣ «የልምዣት» በ1980፣ «ትዝታ» በ1985 ዓ.ም. ወጡ። የመጨረሻው ሲወጣ 83 ዓመት ሆኗቸው ነበር። ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በሬዲዮ ሲተርከው ደግሞ ፊደል ያልቆጠረ ገበሬ ሳይቀር የሰብለ ወንጌልና የበዛብህ ታሪክ ተካፋይ ሆነ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም የክብር ዶክትሬት ሰጣቸው። በኅዳር ወር 1996 ዓ.ም. ዐረፉ።

እንግዲህ እጩ መምህራን፣ ነገ ተመርቀን የምንመደበው ለየገጠሩ ነው። መብራት በሌለበት መንደር፣ ከትምህርት በኋላ ያለው ምሽት ረጅም ነው። ያ ምሽት በጠጅ ቤትና በሐሜት ሊያልቅ ይችላል፤ ሁለት መስመር ሊጻፍበትም ይችላል። ሁላችንም ሐዲስ ዓለማየሁ እንሆናለን ማለት አይደለም። ግን በየቀኑ በአንድ ሰዓት ላይ ተቀምጦ ሁለት መስመር የሚጽፍ፣ በሳምንቱ መጨረሻ ለሚያርመው ጓደኛ የሚያነብ መምህር፣ ተማሪዎቹን ጻፉ ለማለት አፍ ይኖረዋል። የማይጽፍ መምህር ግን ስለ ድርሰት የሚያስተምረው ያልቀመሰውን ወጥ ጣፋጭ ነው እንደሚል ሰው ነው።

የበዛብህን ማንኩሳ አንድ ሰው ጻፋት። የአንተን ቀበሌ፣ የአንቺን የገበያ መንገድ ማን ይጽፈው? ዛሬ ማታ በሁለት መስመር እንጀምር። ለመታረም የደፈረ ሁሉ በዚህ ግድግዳ ላይ ቦታ አለው።