ማሞ ወልዴ ከማራቶኑ በፊት

የሻምበል ማሞ ወልዴ ስም ሲነሳ ሁላችንም ሜክሲኮን እናስባለን። ለዘንድሮው የመገናኛ መጽሐፋችን እኔ የመረጥኩት ግን ከዚያ በፊት የሮጠባቸውን ዓመታት ነው። ብዙም አይወራላቸውም።

ማሞ በ1924 ዓ.ም. ድሬ ጂሌ ተወለደ። አዲስ አበባ መጥቶ ክብር ዘበኛ ገባ፤ ኮርያም ዘመተ። በ1949 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ ስትሳተፍ ሜልቦርን ከሄዱት አንዱ እሱ ነበር። ታዲያ ምን ሮጠ? 800 ሜትር፣ 1500 ሜትር፣ ደግሞም 4 በ400 ሜትር ዱላ ቅብብል! ከአንዱም ማጣሪያ አላለፈም።

ይኼ ነገር እንደ ሐኪም ይስበኛል። ጥሩ ሯጭ 400 ሜትርን አንድ ደቂቃ ሳይሞላ ይጨርሰዋል፤ ጡንቻው ከሚያወጣው ጉልበት ብዙውን የሚያገኘው ያለ ኦክስጅን ነው። ማራቶን ግን ከሞላ ጎደል በኦክስጅን የሚሮጥ ነው። በአንዱ መሸነፍ ስለ ሌላው እምብዛም አይነግረንም። ያኔ ግን የ24 ዓመቱን ወታደር ውጤት አይቶ ሯጭ አይደለም ያለ ሰው ቢኖር ማን ይፈርድበት ነበር? (የአንደኛ ዓመት የአናቶሚ ውጤታችሁን ዛሬም ያልረሳችሁ ጓደኞቼ፣ እዚች ላይ ቆም በሉልኝ።)

የምሠራው ወረኢሉ ነው። ልጆቹ ትምህርት ቤት የሚሄዱት እየሮጡ ነው፤ ከተማዋም ሜክሲኮ ሲቲ ካለችበት 2240 ሜትር ከፍታ ትበልጣለች። በትምህርት ቤት የ100 ሜትር ውድድር ተሸንፎ ሩጫ በቃኝ የሚል ልጅ ሲያጋጥመኝ የምነግረው ስለ ሜልቦርኑ ማሞ ነው።

ማሞ ሮም አልሮጠም። በ1957 ዓ.ም. ቶኪዮ ላይ በ10,000 ሜትር አራተኛ ወጣ፣ ማራቶኑን ግን አቋረጠ። እስከዚህ ድረስ አንድም የኦሊምፒክ ሜዳሊያ የለውም እኮ!

ከዚያ ጥቅምት 1961 መጣ። ሜክሲኮ ላይ በ10,000 ሜትር በኬንያዊው ናፍታሊ ቴሙ የተቀደመው ከአንድ ሰከንድ ባነሰ ልዩነት ነው። በሳምንቱ በማራቶን አበበ ቢቂላ ተጎድቶ ሲወጣ ማሞ በ2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ አሸነፈ፤ ሁለተኛውን ከ3 ደቂቃ በላይ ቀድሞታል። ዕድሜው 36 ነበር።

በ40 ዓመቱም ሙኒክ ላይ የማራቶን ነሐስ አገኘ። ቀኑ ጳጉሜ 5 ቀን 1964 ዓ.ም. ነበር፤ አበበ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ካሸነፈ ልክ 12 ዓመት፣ በዚያው በዘመን መለወጫ ዋዜማ።