ዴኒስ ሪቺ፦ የሲ ቋንቋ ወሰንና የራስጌ ፋይሎች ባለቤትነት

የሲ ፕሮግራሚንግ ቋንቋ ፈጣሪ ዴኒስ ሪቺ እ.ኤ.አ. በ1941 በኒው ዮርክ ግዛት በብሮንክስቪል ተወለዱ። በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስና ተግባራዊ ሒሳብ ካጠኑ በኋላ በ1967 አባታቸው በሠሩበት በቤል ላቦራቶሪ ተቀጠሩ። በዚያም ከኬን ቶምሰን ጋር በዩኒክስ ላይ እየሠሩ ከ1969 እስከ 1973 ባሉት ዓመታት ሲን አዋቀሩ።

ከውሳኔዎቻቸው አንዱ ዘላቂ ውጤት አስከትሏል፤ ይኸውም ቋንቋው ራሱ የማንበቢያም ሆነ የመጻፊያ ትእዛዝ እንዳይኖረው ማድረጋቸው ነው። ይህ አገልግሎት ለላይብረሪ ተተወ፤ ማይክ ሌስክ ያዘጋጁት የግብዓትና ውጤት ጥቅልም ለኋለኛው መደበኛ ላይብረሪ መነሻ ሆነ። አንዱን ፋይል በሌላው ውስጥ የሚያስገባው ፕሪፕሮሰሰር ሲጨመር ደግሞ የላይብረሪው ተግባራት በራስጌ ፋይሎች እየተገለጹ ለፕሮግራሙ ይደርሱ ጀመር።

ኮምፓይለሩና ላይብረሪው ከአንድ ቤት እስከወጡ ድረስ ራስጌ ፋይሎቹን ማን ያቅርብ የሚለው ጥያቄ ክብደት አልነበረውም። ሲ ተስፋፍቶ ሁለቱን የተለያዩ ወገኖች ሲሠሯቸው ግን መስማማታቸው ግድ ሆነ። ኮምፓይለሩ መጠን የሚያዝበትን የውሂብ ዓይነት 8 ባይት ሲያደርገው ራስጌ ፋይሉ 4 ባይት ብሎ ቢያውጀው፣ ትልልቅ መጠኖች ተቆርጠው ፕሮግራሙ የተሳሳተ ውጤት ይሰጣል።

በ1989 የጸደቀው የአሜሪካ ደረጃ 15 ራስጌ ፋይሎችን ደነገገ። ያለ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ለሚሠሩ ፕሮግራሞች ግን 4ቱን ብቻ ግዴታ አደረገ፤ እነርሱም የኢንቲጀሮችን ወሰን፣ የተንሳፋፊ ነጥብ ቁጥሮችን ባሕርይ፣ መሠረታዊ ዓይነቶችንና ብዛታቸው የማይወሰን ግብዓቶችን የሚመለከቱ ናቸው። ደረጃው ኮምፓይለሩንና ላይብረሪውን እንደ አንድ አካል ስለሚያይ አቅራቢውን አልለየም። በተግባር ግን ጂሲሲ የተባለው ኮምፓይለር እነዚህን 4 ፋይሎች ራሱ ሲያቀርብ፣ የግብዓትና ውጤቱን ራስጌ እንደ ግሊብሲ ያሉ ላይብረሪዎች ያቀርባሉ። የኢንቲጀር ወሰኑ ፋይል ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ የሚወስናቸውን ገደቦችም ስለሚይዝ የሁለቱ ወገኖች ፋይሎች ተደጋግፈው ይሠራሉ።

ሪቺ በ1983 ከቶምሰን ጋር የቱሪንግ ሽልማትን ተቀበሉ፤ በ2011 ዐረፉ። በቋንቋውና በላይብረሪው መካከል ያሰመሩት ድንበር ዛሬም ለጥያቄው መመሪያ ነው፦ የማሽኑንና የቋንቋውን ጠባይ የሚገልጸው ፋይል ከኮምፓይለሩ፣ ተጠርቶ የሚሠራ ተግባርን የሚያስተዋውቀው ደግሞ ተግባሩን ከያዘው ላይብረሪ ጋር ይሄዳል።