ከባላባት ቤት የወጡት ዳኛ

ፍርድ ቤት የኃያላን መሣሪያ ሊሆን ይችላል፤ የተበደሉት አቤት ማለታቸውን ካላቆሙና ዳኛውም ጆሮውን ካልደፈነ ግን የፍትሕ መድረክ ይሆናል። ለዚህም በአሜሪካ የሳውዝ ካሮላይና የፌዴራል ዳኛ የነበሩት የጁሊየስ ዌይቲስ ዌሪንግ ሕይወት ምስክር ነው።

ዌሪንግ እ.ኤ.አ. በ1880 በቻርልስተን ከተማ ከነባር የነጭ ባላባት ቤተሰብ ተወለዱ። አባታቸው በእርስ በርሱ ጦርነት ከባሪያ አሳዳሪዎቹ ግዛቶች ጋር ተሰልፈው ነበር። በ1942 ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ለዳኝነት ሲሾሟቸው ዕድሜያቸው 61 ነበር።

ዓይናቸውን የገለጠው ግን በችሎታቸው የቀረበው በደል ነው። በ1946 አይዛክ ውዳርድ የተባለ ጥቁር ወታደር ከሠራዊቱ በተሰናበተበት ዕለት የደንብ ልብሱን እንደለበሰ በአንድ የፖሊስ አዛዥ ተደብድቦ ሁለቱም ዓይኖቹ ጠፉ። ነጮች ብቻ የተሰየሙበት የሕዝብ ፈራጆች ጉባኤ ግማሽ ሰዓት እንኳ ሳይሞላ አዛዡን በነጻ ለቀቀው። ችሎቱን የመሩት ዌሪንግ በዚህ ውሳኔ እጅግ ታወኩ። በቀጣዩ ዓመት ጥቁሮችን ከዴሞክራቲክ ፓርቲ ቅድመ ምርጫ ያገለለው አሠራር ሕገ ወጥ ነው ብለው ፈረዱ። በዚያ ግዛት ሥልጣን የሚወሰነው በዚሁ ምርጫ ስለነበር ፍርዱ የአገዛዙን ሥር የነካ ነበር።

በክላረንደን አውራጃ ደግሞ ጥቁር ወላጆች ለልጆቻቸው የትምህርት ቤት አውቶቡስ ጠየቁ፤ ተከለከሉ። ጥያቄው አድጎ ክስ ሆነ። የክሱ መጠሪያ የሆነው የነዳጅ ማደያ ሠራተኛው ሃሪ ብሪግስ ከሥራው ተባረረ። በ1951 ከተሰየሙት ሦስት ዳኞች ሁለቱ የዘር ልዩነቱን ሲያጸኑ ዌሪንግ ብቻቸውን መለያየቱ ራሱ እኩልነትን ማፍረስ ነው ሲሉ የልዩነት ሐሳባቸውን አሰፈሩ። በ1954 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በአንድ ድምፅ ወደዚሁ መደምደሚያ ደረሰ።

ዋጋው ከባድ ነበር። የነጩ ኅብረተሰብ አገለላቸው፤ ቤታቸው በድንጋይ ተደበደበ። በ1952 ከሥራ ተሰናብተው ወደ ኒውዮርክ ሄዱ፤ በ1968 ዐረፉ። በቻርልስተን ሲቀበሩ ከሸኟቸው ውስጥ ነጮቹ ጥቂት፣ ጥቁሮቹ ብዙ ነበሩ። ከተማዋ የገፋቻቸው ዳኛ ስም በ2015 ለፌዴራል ፍርድ ቤቷ መጠሪያ ሆነ።

ይሁን እንጂ ክብሩ የዳኛው ብቻ አይደለም። እንጀራቸውን አጥተው ፊርማቸውን ያላጠፉት ወላጆች ባይኖሩ ኖሮ ዌሪንግ የሚፈርዱት ጉዳይ ባልኖረ ነበር። ቅን ዳኛ የሚፈርደው አቤት ባይ ሲኖር ነው።