የሞተው ቫይረስ ጠበቃ

ሰሞኑን ስለ ክትባት ስንጨዋወት አንድ ወዳጄ፣ ሰው ተከትቦ በበሽታው ከተያዘ ክትባቱ ምን ሠራ? ሲል ሞገተኝ። ሙግቱ አዲስ አይደለም። ዶ/ር ጆናስ ሳልክ ዕድሜ ልካቸውን የተከራከሩበት ጉዳይ ነው።

ሳልክ እ.ኤ.አ. በ1914 ኒውዮርክ ከተማ ውስጥ ከአይሁድ ስደተኞች ቤተሰብ ተወለዱ። ሕክምና አጥንተው በ1942 ወደ ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ አቀኑ፤ እዚያም ከመምህራቸው ከቶማስ ፍራንሲስ ጋር በፎርማሊን ከተገደለ ቫይረስ የኢንፍሉዌንዛ ክትባት ሠሩ። ክትባቱ በወታደሮች ዘንድ ተሞክሮ ጥሩ ውጤት አሳየ። በ1947 ግን ቫይረሱ መልኩን ለውጦ መጣ፤ የተከተበውም እንዳልተከተበው ታመመ።

በዚያው ዓመት ወደ ፒትስበርግ ተዛውረው ፊታቸውን ወደ ፖሊዮ፣ እኛ የልጅነት ልምሻ ወደምንለው በሽታ አዞሩ። መጀመሪያ የያዙት ሥራ ብዙዎች የሸሹትን፣ የቫይረሱን ዝርያዎች አንድ በአንድ የመለየት አሰልቺ ተግባር ነበር። ዝርያዎቹ ሁሉ በሦስት ዓይነቶች ተጠቃለሉ። ሦስቱን ገድሎ በአንድ መርፌ ማዋሃድ ይቻል ነበር ማለት ነው። በ1953 መርፌውን ራሳቸውን፣ ባለቤታቸውንና ሦስት ልጆቻቸውን ወጉ። በ1954 1.8 ሚሊዮን ሕፃናት የተካፈሉበት ሙከራ ተካሄደ። ሚያዝያ 12 ቀን 1955 (እ.ኤ.አ.) ክትባቱ ከ80 እስከ 90 በመቶ ከልምሻ እንደሚከላከል ሲነገር አሜሪካ በደስታ ሰከረች።

ደስታው ግን ብዙም አልቆየ። ከተር የተባለው ኩባንያ ባመረተው ክትባት ውስጥ ያልሞተ ቫይረስ ተገኘ፤ 200 ያህል ሰዎች ለልምሻ ተዳረጉ፣ 10 ሞቱ። ሕግ ላጠና ሰው እዚህ ላይ ቆም ማለት ግድ ነው። በ1958 ካሊፎርኒያ ውስጥ የተሰየመው ጁሪ ኩባንያው ቸልተኛ አልነበረም አለ፤ ሆኖም የሸጠው ዕቃ ደኅና ስለመሆኑ ዋስትና ሰጥቷልና ካሣ ይክፈል ሲል ወሰነ። ያለ ጥፋት ኃላፊነት ማለት ይኸው ነው።

ከዚያ ተቀናቃኛቸው አልበርት ሴቢን የተዳከመ ግን ሕያው ቫይረስ የያዘ የአፍ ጠብታ ይዘው መጡ። ጠብታው ርካሽ ነው፤ ቫይረሱ አንጀት ውስጥ እንዳይራባም ያግዳል። የሳልክ መርፌ ልምሻን ይከላከላል እንጂ አንጀትን በደንብ አይጠብቅም፤ የተከተበ ሰው ሳይታመም ቫይረሱን ሊያስተላልፍ ይችላል። በዚህ ምክንያት በ1960ዎቹ መርፌው ተገፋ። ሴቢን ያነሱት ነጥብ ትክክል ነበር፤ ሳልክም ቢሆኑ አልተሳሳቱም። ጠብታው ውስጥ ያለው ቫይረስ ብዙ ሕፃናት ሳይከተቡ በሚቀሩበት አካባቢ ሲዘዋወር ተለውጦ ልምሻ የማስከተል ኃይሉን መልሶ ሊያገኝ ይችላልና።

ሳልክ በ1995 በ80 ዓመታቸው አረፉ። አሜሪካ ሙሉ በሙሉ ወደ እሳቸው መርፌ የተመለሰችው ከአምስት ዓመት በኋላ ነው። ኢትዮጵያም በ2015 መርፌውን ከጠብታው ጋር መስጠት ጀመረች። በ2022 ከጠብታው የመነጨ ልውጥ ቫይረስ በሳልክ የትውልድ ከተማ በኒውዮርክ ፍሳሽ ውስጥ ተገኘ። መርፌው ዝውውሩን አላስቆመም። ከከተማዋ ወጣ ብሎ በሚገኝ አንድ አውራጃ ግን በልምሻ የተመታው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሱም ያልተከተበ።