ስቲፈን ኩፍለርና ነርቭን የሚገታው ንጥረ ነገር

በእንጅባራም ሆነ በዳንግላ ለሚጥል በሽታ የሚታዘዘው ፌኖባርቢታል የሚሠራው፣ ነርቭን የሚገታውን ጋባ የተባለ ንጥረ ነገር በማገዝ ነው። ጋባ የየትኛው ነርቭ እንደሆነ በልኬት ካሳዩት ሊቃውንት አንዱ ስቲፈን ኩፍለር ናቸው።

እ.ኤ.አ. በ1913 በሀንጋሪ ተወልደው በ1937 በቪየና የሕክምና ትምህርት ፈጸሙ፤ በተከታዩ ዓመት ናዚዎች ኦስትሪያን ሲይዙ ተሰደው በአውስትራሊያ በኩል አሜሪካ ገቡ።

ጋባ በአንጎል ውስጥ መኖሩ በ1950 ቢታወቅም፣ የተፈጨ አንጎል የብዙ ሕዋሳት ድብልቅ በመሆኑ ተግባሩ ሲያከራክር ቆየ። ኩፍለር ከክራቪትዝና ከፖተር ጋር በሃርቫርድ፣ ሎብስተር የተባለውን የባሕር እንስሳ የነርቭ ክሮች አንድ በአንድ ለይተው ለኩ። በ1963 ባሳተሙት ውጤት፣ ጋባ በገቺው ክር በብዛት ሲገኝ ጡንቻን በሚያነሳሳው ክር አልታየም።

በ1980 ያረፉት ኩፍለር ለሙያችን ያቆዩት ትምህርት፣ ከመለካት አስቀድሞ መለየት እንደሚገባ ነው።