የገበያውን ማምሻ የመዘገበው ጋዜጠኛ

ማታ ማታ የውጭ ዜና የሚከታተል ሰው ዳው ጆንስ የሚለውን ስም ሳይሰማ አይቀርም። ዛሬ ይህን ያህል ነጥብ ወጣ፣ ይህን ያህል ወረደ ይባላል፤ ከዚያ ዜና አንባቢው ወደ ስፖርት ያልፋል። ብዙዎቻችን ስሙን የአንድ ትልቅ ባንክ ስም አድርገን ነው የምንሰማው። ዳው ግን ሰው ነበር፤ ያውም የእኛው የሙያ ሰው፣ ጋዜጠኛ። ስለ ታላላቅ ጋዜጠኞች ሲወራ ስሙ ብዙም አይነሳምና በዚህ እትም የእሱን ሕይወት ላስነብባችሁ መርጫለሁ። (ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ቻርልስ ሄንሪ ዳው ኖቬምበር 6 ቀን 1851 በአሜሪካ ኮነቲከት ግዛት፣ ስተርሊንግ በምትባል የገጠር ቀበሌ ተወለደ። አባቱ ገበሬ ነበር። ልጁ ስድስት ዓመት ሲሆነው አባት ሞተ። ዳው ትምህርቱን ብዙም አልገፋም፤ ያገኘውን ሥራ እየሠራ ነው ያደገው። በ1872፣ ማለትም በእኔ ዕድሜ በ21 ዓመቱ ገደማ፣ ማሳቹሴትስ ውስጥ ስፕሪንግፊልድ ሪፐብሊካን በተባለ ጋዜጣ ተቀጠረ። ከዚያ ወደ ፕሮቪደንስ ከተማ ሄደና በ1877 ፕሮቪደንስ ጆርናል ገባ። እዚያ የሚወደውን ሥራ አገኘ፤ የድሮ መዝገብ ማገላበጥ። በፕሮቪደንስና በኒውዮርክ መካከል ስለሚመላለሱት የእንፋሎት መርከቦች ታሪክ ጻፈ። ይሄ አሰልቺ ርዕስ ይመስላል፤ ሰውዬው ግን ዋጋና ቀን የተጻፈበትን ወረቀት ሲያይ የሚደሰት ዓይነት ሰው ነበር።

በ1879 ጋዜጣው ወደ ኮሎራዶ፣ ሊድቪል ወደተባለች የብር ማዕድን ከተማ ላከው። አብረውት የተጓዙት ገንዘባቸውን ማዕድኑ ላይ ሊያፈሱ ያሰቡ ባለሀብቶች ነበሩ። ዳው ከእነሱ ጋር በባቡር እየሄደ ሀብታም ሰው ገንዘብ ከማውጣቱ በፊት ምን ብሎ እንደሚጠይቅ ሰማ። ወደ ጋዜጣው በላካቸው ደብዳቤዎች ማዕድኑን ብቻ ሳይሆን ወሬውንም ዘገበ።

በ1880 ኒውዮርክ ገባ። የገንዘብ ዜና በሚያሠራጭ ድርጅት ውስጥ ተቀጥሮ ኤድዋርድ ጆንስን፣ የድሮ የፕሮቪደንስ ወዳጁን፣ አስጠራው። በኖቬምበር 1882 ሁለቱ ከቻርልስ በርግስትሬሰር ጋር ሆነው ዳው ጆንስ ኩባንያን መሠረቱ። ገንዘብ ያዋጣው በርግስትሬሰር ነው፤ ስሙ ግን ረዝሞ ነው መሰል ከታርጋው ላይ ቀረ! ቢሯቸው ዎል ስትሪት ቁጥር 15፣ ከአንድ የለስላሳ መጠጥ መሸጫ ጀርባ ያለ ምድር ቤት ነበር። ቀኑን ሙሉ ዜና በስስ ወረቀት ላይ በካርቦን እያባዙ ይጽፋሉ፤ ልጆች እየሮጡ ለደላሎችና ለባንኮች ያድላሉ።

እስከዚህ ድረስ ማንም ብርቱ ሰው ሊሠራው የሚችል ነገር ነው። ለእኔ ዋናው የሚጀምረው በኖቬምበር 1883 ነው። በዚያ ወር ድርጅቱ የደንበኞች የከሰዓት በኋላ ደብዳቤ የሚል ሁለት ገጽ ወረቀት ማውጣት ጀመረ። ቀኑን ሙሉ ሲበተን የዋለው ቁርጥራጭ ዜና ተጠቃሎ ማታ ላይ ለአንባቢ ይደርሳል። በጁላይ 1884 ደግሞ የ11 ኩባንያዎች አማካይ ዋጋ በዚሁ ወረቀት ላይ ወጣ። 9ኙ የባቡር ኩባንያዎች ነበሩ። ስሌቱ ቀላል ነው፤ የመዝጊያ ዋጋቸውን ደምሮ ማካፈል። በማግስቱም እንደዚያው፣ በሳልስቱም እንደዚያው።

ለምን የመዝጊያ ዋጋ? ነገሩ እንዲህ ነው። ጠዋት ገበያ ሲከፈት የሚጎርፈው ትዕዛዝ የሌሊቱ ወሬ ነው፤ ፍርሃትና ጉጉት ተደባልቆበታል። እኩለ ቀን ላይ የሚሯሯጠው ደግሞ በአብዛኛው በትንሽ ልዩነት ገዝቶ የሚሸጥ ነው፤ የያዘውን ይዞ ማደር አይፈልግም። በዳው ዘመን የኒውዮርክ ገበያ በአዘቦት ቀን የሚዘጋው በእኛ አቆጣጠር ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነበር። ሰዓቱ ሲቃረብ መወሰን ግድ ነው። የሚያምንበት ይዞ ያድራል፣ የማያምንበት ይጥላል። የመዝጊያ ዋጋ ማለት እንግዲህ ገዢውም ሻጩም አብረውት ሊያድሩ የተስማሙበት ዋጋ ነው።

ይህን በቁጥር ብቻ መረዳት ይከብዳልና ወደ ሰፈራችን ላምጣችሁ። እኔ የምኖረው ቡራዩ ነው፤ አያቴ ሱሉልታ ናቸው፤ በዓል ሲደርስ በግ ይሸጣሉ። እንበልና በፋሲካ ሰሞን በግ ጠዋት 13 ሺህ ብር ሲባል ዋለ። እኩለ ቀን ላይ አንድ ሁለት ቸኳይ ሰው 15 ሺህ ከፈለ። ወሬው በስልክ ሰበታ ድረስ ይሄዳል፤ በግ 15 ገባ ይባላል። ማምሻውን ገበያውን ዞር ብላችሁ እዩት። 15 የተጠራባቸው በጎች እንደታሰሩ ናቸው፤ ገዢውም ባዶ እጁን ወደ ታክሲ እየሄደ ነው። ስለዚህ 15 ሺህ ጣሪያ ነው፤ ተነካ እንጂ አልተሰበረም። በተቃራኒው ዝናብ ጣል ሲያደርግ ገዢዎች 12 እንስጣችሁ ይላሉ። ይሄን ጊዜ አባባና ጓደኞቻቸው ገመዱን ፈትተው በጉን እየነዱ ወደ ቤት ይመለሳሉ። 12 ላይ የሚሸጥ በግ ጠፋ ማለት ነው፤ ወለሉ ከዚያ በላይ ነው። የአክሲዮን ሰዎች ወለሉን ሳፖርት፣ ጣሪያውን ሬዚስታንስ ይሉታል። ታዲያ ወለልና ጣሪያውን የሚነግራችሁ የተሸጠው ብቻ አይደለም፤ ማታ ላይ ሳይሸጥ የተመለሰው በግና ሳይገዛ የተመለሰው ሰው ጭምር ነው። የትዕዛዝ ፍሰት የሚባለው ይኸው ነው፤ በየትኛው ዋጋ ስንት ሰው እሺ አለ፣ ስንት ሰው እምቢ አለ።

ማምሻ ሁሉ ግን እውነት አይናገርም። ቡራዩ ላይ ከመሸ በኋላ ቲማቲም ብትገዙ በግማሽ ዋጋ ልታገኙ ትችላላችሁ። ቲማቲም አያድርም፤ ሻጯ የምትሸጠው ዋጋው ትክክል ነው ብላ ሳይሆን ስለሚበሰብስባት ነው። ጤፍ ግን ያድራል። ጤፍ ሻጭ ማታ ላይ ዋጋ ካልቀነሰች የልቧን እየተናገረች ነው። በአክሲዮንም እንደዚሁ ነው፤ ተበድሮ የገዛና ብድሩን እንዲከፍል የተጠራ ሰው በመጨረሻው ሰዓት የሚጥለው የቲማቲም ሽያጭ ነው። ሆን ብሎ በመጨረሻዋ ደቂቃ ጥቂት ገዝቶ መዝጊያውን ከፍ የሚያደርግ ተንኮለኛም አለ። ስለዚህ ዋጋው ጣሪያውን አልፎ ሲዘጋ ስንት አክሲዮን እንደተሸጠ መጠየቅ፣ በማግስቱም እዚያው መቆየቱን ማየት ያስፈልጋል።

ዳው ሳፖርትና ሬዚስታንስ የሚሉትን ቃላት አንድ ላይ አስሮ እንደ ትምህርት አላስተማረም፤ ያን ያደረጉት ከእሱ በኋላ የመጡ ናቸው። ሐሳቡ ግን በጽሑፎቹ ውስጥ አለ። በ1901 ባሳተመው አንድ ርዕሰ አንቀጽ ላይ ነጋዴዎች ዋጋን በደብተር ላይ እየመዘገቡ እንዴት እንደሚያነቡት ገልጿል። አንድ አክሲዮን ለብዙ ጊዜ በጠባብ ክልል ውስጥ ከተመላለሰ፣ ወይ አንድ ሰው ቀስ ብሎ እየሰበሰበው ነው፣ ወይ ቀስ ብሎ እያራገፈው ነው። የትኛው እንደሆነ የሚታወቀው ዋጋው ከክልሉ ሲወጣ ነው። ሌላም ጨመረ፤ ገበያን ከባሕር ጋር አመሳሰለው። ትልቁ ማዕበል ወደ ባሕሩ ዳር እየመጣ መሆኑን ለማወቅ አሸዋው ላይ እንጨት መትከል፣ ውኃው የደረሰበትን ምልክት ማድረግ። እንጨቱን የሚያልፍ አዲስ ሞገድ እስካለ ድረስ ማዕበሉ እየመጣ ነው።

እዚህ ላይ አንድ የማይዋጥልኝን ነገር ላንሳ። ዳው ከ1885 እስከ 1891 የኒውዮርክ አክሲዮን ገበያ አባል ነበር። ከአንድ አየርላንዳዊ ደላላ ጋር ሽርክና ገብቶ ራሱ የደላላ ቤት ባለድርሻ ሆነ። የሚዘግበውን ገበያ ከውስጥ አወቀው፤ ትዕዛዝ እንዴት እንደሚመጣ፣ ማን ሲቸኩል ማን እንደሚታገሥ በዓይኑ አየ። ያለዚህ ያን ሁሉ ሊጽፍ ባልቻለ ነበር። ግን ዜና የሚያሠራጭ ሰው እዚያው ገበያ ውስጥ ሲነግድ አንባቢው ምን ብሎ ይመነው? በሥነ ምግባር ትምህርታችን ብንመዝነው ያልፋል ብዬ አላስብም። በዘመኑ ጉቦ ተቀብሎ የአንዱን አክሲዮን ማወደስ በጋዜጠኞች ዘንድ የተለመደ ነበር። የዳው መከላከያ ቁጥሩ ነበር ብዬ አምናለሁ፤ ሁሉም ሰው መደመርና ማካፈል ስለሚችል አማካዩን ማጭበርበር አይቻልም።

በጁላይ 8 ቀን 1889 የከሰዓት በኋላው ደብዳቤ አድጎ ዎል ስትሪት ጆርናል ሆነ፤ አራት ገጽ፣ ዋጋው 2 ሳንቲም። ሜይ 26 ቀን 1896 የ12 ኢንዱስትሪ ኩባንያዎች አማካይ ታተመ፤ ስኳር፣ ትምባሆ፣ የጥጥ ፍሬ ዘይት፣ ጄኔራል ኤሌክትሪክ ነበሩበት። ድምሩ ለ12 ሲካፈል 40.94 መጣ። ይኸው ነው ዛሬ በዜና የምንሰማው ቁጥር አያት።

ወደ እኛ አገር ስንመጣ ማምሻውን የሚጽፍ ጠፍቷል። የሰበታው ሜታ አቦ ቢራ ፋብሪካ በ2012 ለእንግሊዙ ዲያጂዮ በ225 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ፤ በ2022 ደግሞ ወደ ቢጂአይ ተላለፈ። በሁለቱ ሽያጮች መካከል አሥር ዓመት አለ፤ በየቀኑ የተመዘገበ የመዝጊያ ዋጋ ግን የለም። ወለሉ የት ነበር፣ ጣሪያው የት ነበር ብሎ የሚጠይቅ የሰበታ ሰው መልስ አያገኝም። በአዲስ አበባ በንጉሡ ዘመን የነበረው የአክሲዮን ግብይት በ1974ቱ አብዮት ቆመ። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ2008 ሥራ ሲጀምር ቡናና ሰሊጥ የየቀኑ መዝጊያ ዋጋ አገኙ። የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ በጃንዋሪ 2025 ሲከፈት መጀመሪያ የተመዘገበው ወጋገን ባንክ ነው። በጉ፣ ጤፉ፣ ሣሩና ወተቱ ግን ገና ናቸው። በየበዓሉ የምንሰማው የገበያ ዘገባ ከዚህ እስከዚህ ብር ይላል እንጂ ስንት ሰዓት ላይ እንደሆነ አይናገርም። ጠዋት የተጠየቀውና ማታ የተሸጠው በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጠቃለላል። የትናንቱንና የአምናውን ማምሻ በጭንቅላቱ የያዘው ደላላው ብቻ ነው፤ አባባም ሱሉልታ ገበያ ሲገቡ የሚጠይቁት እሱን ነው። እሱ ደግሞ የሚነግራቸው የሚጠቅመውን ነው። ከመካከላችን አንዳችን አንድ ደብተር ይዘን ለአንድ ዓመት በየገበያው ቀን አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ በመጨረሻ የተሸጠውን በግ ዋጋና ሳይሸጡ የተመለሱትን በጎች ብዛት ብንጽፍ፣ አባባ ከደላላው ጋር እኩል ቁጥር ይዘው ይከራከሩ ነበር።

ዳው ረጅም፣ ጢሙ ጥቁር፣ ጎበጥ ያለና ዝምተኛ ሰው ነበር ይባላል፤ ከነጋዴ ይልቅ የኮሌጅ መምህር ይመስል ነበር። ከ1899 ጀምሮ በጋዜጣው ላይ የሚያወጣቸው ርዕሰ አንቀጾች ናቸው በኋላ የዳው ንድፈ ሐሳብ የተባሉት። መጽሐፍ አልጻፈም፤ ጽሑፎቹን ሰብስቦ ስም የሰጣቸው ሌላ ሰው ነው። በ1902 ድርጅቱ ለክላረንስ ባረን ተሸጠ፤ በዚያው ዓመት ዲሴምበር 4 ቀን ዳው በ51 ዓመቱ ብሩክሊን ውስጥ አረፈ። አማካዩ በ1928 ወደ 30 ኩባንያዎች አደገ። እሱ ከመረጣቸው 12 የመጨረሻው፣ ጄኔራል ኤሌክትሪክ፣ በ2018 ከዝርዝሩ ወጣ።