አፄ ቴዎድሮስ፦ የሚፈነዳ አረር ፍለጋ ከጋፋት እስከ መቅደላ

ዛሬ ወልድያ፣ መርሳና ሐብሩ ብለን የምንጠራቸው አካባቢዎች በጥንቱ አጠራር የየጁ ምድር ናቸው። ከዚህ ምድር የተነሡ መሳፍንት ደብረ ታቦርን መቀመጫቸው አድርገው፣ በጎንደር ዙፋን ላይ የሚቀመጡትን ነገሥታት እየሾሙና እየሻሩ ለሰባ ዓመት ያህል የአገሪቱን ሥልጣን በእጃቸው ይዘው ቆይተዋል። የመጨረሻው ባለሥልጣን ራስ ዓሊ አሉላ ነበሩ። የየጁን ዘመን የዘጉት ደግሞ የገዛ አማቻቸው፣ የልጃቸው የተዋበች ባል፣ የቋራው ካሣ ኃይሉ ናቸው። እኒህ ሰው በኋላ አፄ ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ፤ ሕይወታቸው ያለፈውም በዚሁ በወሎ ምድር፣ በመቅደላ አምባ ላይ ነው። ከድሉ እስከ ሞቱ ባሉት ዓመታት ንጉሡን እንቅልፍ የነሣቸው አንድ ነገር ነበር፤ መድፍ።

ካሣ በ1811 ዓ.ም. ገደማ ተወለዱ። በገዳም ፊደል ቆጠሩ፤ ገዳሙ በጦር ሲወረር አምልጠው ወጡ፤ ቆላ ወርደው ሸፈቱ። የሽፍትነቱ ታሪክ ብዙ ጊዜ ተነግሯልና እዚህ አናስረዝመውም። በ1840 ዓ.ም. በሱዳን ድንበር በደባርቂ የደረሰባቸውን ግን ማለፍ አይቻልም። ሱዳንን ይገዛ የነበረው የግብፅ ጦር በምሽግ ውስጥ መድፉን ጠምዶ ይጠብቃቸው ነበር። የካሣ ሠራዊት እንደለመደው በጀግንነት ተወርውሮ ገባ። መድፉ ሰውን እንደ ሰብል አጨደው። ካሣ ብዙ ሰው አስፈጅተው ተመለሱ። ጎራዴና ጋሻ የያዘ ሰው ልቡ የቱን ያህል ቢሞላ፣ በሥርዓት የተሰለፈና መድፍ የጠመደን ጦር እንደማይረታ የተማሩት በዚያ ቀን ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም። ከዚያ በኋላ ያለው ዘመናቸው በሙሉ የዚያ ቀን ትምህርት ማሳያ ነው።

በአገር ውስጥ ግን የሚቋቋማቸው አልተገኘም። የጎጃሙን ደጃዝማች ጎሹን በጉር አምባ፣ አማታቸውን ራስ ዓሊን በሰኔ 1845 ዓ.ም. በአይሻል፣ ደጃዝማች ውቤን በደረስጌ ድል አደረጉ። በየካቲት 1847 ዓ.ም. በደረስጌ ማርያም በአቡነ ሰላማ እጅ ዘውድ ጫኑ። በዚያው ዓመት ወደ ወሎ ዘመቱ፤ በ1848 ዓ.ም. መባቻ መቅደላን ያዙ። ሠራዊቱን በአሥር አለቃ፣ በሃምሳ አለቃ፣ በመቶ አለቃና በሺ አለቃ ከፋፈሉት፤ ወታደር ገበሬውን ከመዝረፍ ይልቅ ደመወዝ እንዲቀበል ሞከሩ። ሙከራው የሚገባውን ያህል ሥር አልሰደደም። የወታደር ስንቅ መልሶ በገበሬው ጫንቃ ላይ ወደቀ።

ከደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት የምትባል ትንሽ መንደር አለች። ንጉሡ የጦር መሣሪያ ሥራቸውን ያቋቋሙት እዚያ ነው። ሠራተኞቹ ወንጌል ሊያስተምሩና የእጅ ሥራ ሊያሳዩ ከአውሮፓ የመጡ ሚስዮናውያን ነበሩ፤ ቴዎፊል ዋልድማየር፣ ዛልሙለር፣ ቤንደር፣ ማየር፣ እንዲሁም ፖላንዳዊው ሞሪትዝ ሆል። እንጨትና ድንጋይ የሚያውቁ፣ መድፍ ግን ቀልጠው አፍስሰው የማያውቁ ሰዎች ናቸው። ንጉሡ ግን አናውቅም ማለትን አልተቀበሉም። መጀመሪያ መንገድ አሠሯቸው፣ ሠረገላ አሠሯቸው፣ ቀጥሎ መድፍ እንዲሠሩ አዘዙ። የመጀመሪያው ሙከራ ከሸፈ። ተደጋገመ። አገሬው ወጣትም በምድጃው ዙሪያ እየዋለ ሙያውን ይለምድ ጀመር። በዚህ ሁኔታ ትንንሾቹ መድፎች ተሠሩ፣ ከዓመታት ድካም በኋላም ትልቁ ተወለደ። ንጉሡ በዚያ ዘመን ሩሲያ ከእንግሊዝና ከፈረንሳይ ጋር በተዋጋችበት በክራይሚያ ጦርነት ስሟ በገነነው ከተማ ስም ሴባስቶፖል ብለው ሰየሙት። ክብደቱ ሰባ ኩንታል ያህል እንደሆነ ይነገራል።

ሴባስቶፖል ከተራው መድፍ የተለየ ነው። ሞርታር የሚባለው ወገን ነው፤ አጭርና ወፍራም አፈሙዝ ያለው፣ አረሩን ቀጥ አድርጎ ሳይሆን ወደ ሰማይ አጉኖ በጠላት ራስ ላይ የሚያወርድ። እንዲህ ዓይነት መሣሪያ ከግንብና ከሸንተረር ጀርባ የተደበቀን ሰው ያገኛል። ሞርታር የሚተኩሰው አረር ክፍት ሆድ ሊኖረው፣ ሆዱም ባሩድ ሊሞላ፣ በመለኮሻ ክር ወደቀበት ደርሶ ሊፈነዳ ይችላል። የሚገድለው እንግዲህ የብረቱ ምት ብቻ ሳይሆን ፍንጣሪው ነው። አምባና ገደል በበዛበት አገር ለሚዋጋ ንጉሥ ይህ አሳብ ከንቱ ቅዠት አልነበረም።

ያ አሳብ ዛሬ ትንሽ ሆኖ በሦስት እግር ላይ ቆሟል። አውቶማቲክ የቦምብ ማስወንጨፊያ የሚባለው መሣሪያ የሞርታርን የሚፈነዳ አረርና የመትረየስን ፍጥነት አንድ ላይ ያጣመረ ነው። ሶቪየት ኅብረት የሠራችው ኤ.ጂ.ኤስ.-17 የ30 ሚሊ ሜትር ቦምቦችን በዝናር ተያይዘው ይጎርሳል፤ በአንድ ሣጥን 29 ቦምብ ይይዛል፣ እስከ 1,700 ሜትር ይደርሳል። የአንዱ ቦምብ የተኩስ ግፊት መዝጊያውን ወደ ኋላ ይገፋና ቀጣዩን ያጎርሳል፤ ተኳሹ ቃታውን ይዞ መቆየት ብቻ ይበቃዋል። ሰባ ኩንታል የሚመዝነውን ሴባስቶፖልን ለመጎተት መቶዎች ሲያስፈልጉ፣ ይህን ሁለት ሦስት ሰው ተከፋፍሎ ተሸክሞት ተራራ ይወጣል። አሜሪካኖች በቬትናም የ40 ሚሊ ሜትሩን ማርክ 19፣ ሶቪየቶች በአፍጋኒስታን ተራሮች ኤ.ጂ.ኤስ.-17ን የተጠቀሙት ለዚሁ ነው፤ ጠመንጃ የማያገኘውን፣ ከጉድጓድና ከድንጋይ ካብ ኋላ ያለውን ሰው ለማግኘት።

እዚህ ላይ ለአካባቢያችን ገበሬ አንድ ነገር ሳይነገር አይታለፍም። የወልድያ፣ የመርሳና የሐብሩ ሰው በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. በተካሄደው ጦርነት የከባድ መሣሪያን ድምፅ በደጁ ሰምቷል። የሚፈነዳ አረር፣ የቴዎድሮስ ዘመንም ሆነ የዛሬው፣ አንድ የጋራ ጠባይ አለው፤ መፈንዳት ሲገባው ሳይፈነዳ ሊቀር ይችላል። ያልፈነዳው ቦምብ በእርሻ መሬት ውስጥ ለዓመታት ሕያው ሆኖ ይተኛል። ማረሻ ሊነካው፣ እረኛ ሕፃን እንደ መጫወቻ ሊያነሣው ይችላል። ያገኘው ሰው ሳይነካና ሳያንቀሳቅስ ቦታውን ምልክት አድርጎ ለቀበሌው ወይም ለፖሊስ ይናገር፤ ልጆችንም ያስጠንቅቅ።

ወደ ንጉሡ እንመለስ። በ1855 ዓ.ም. ለእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ ደብዳቤ ጽፈው ወዳጅነትና የሙያ ሰው ጠይቀው ነበር። መልስ ሳይመጣ ቀረ። ንጉሡ ተቆጥተው የእንግሊዙን ቆንስል ካሜሮንንና ሌሎች አውሮፓውያንን አሰሩ። የእንግሊዝ መንግሥት እስረኞቹን ለማስፈታት ጦር ለመላክ ወሰነ። በዚህ ጊዜ የአገሩ ግማሽ ሸፍቷል፤ በንጉሡ እጅ የቀረው ደብረ ታቦርና መቅደላ ብቻ ነው ቢባል ይቀላል። በጥቅምት 1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ደብረ ታቦርን አቃጥለው፣ ሴባስቶፖልንና ሌሎቹን መድፎች በሠረገላ ጭነው ወደ መቅደላ ጉዞ ጀመሩ።

ይህ ጉዞ ከስድስት ወር ጥቂት ያነሰ ጊዜ ወሰደ። በጋይንት አድርገው፣ ዛሬ በሰሜን ወሎ ዞን በሚገኘው በዋድላ ደጋ አልፈው፣ የጅጣን ገደል ወርደው ወጥተው፣ ደላንታን ተሻግረው፣ የበሽሎን ሸለቆ አቋርጠው። መንገድ አልነበረም፤ መንገዱን እየሠሩ ነው የሄዱት። ገደሉን እየቆፈሩ፣ ድንጋዩን በባሩድ እያፈረሱ፣ ለሠረገላ የሚሆን ጥምዝምዝ መንገድ አወጡ። መድፉን አምስት መቶ ያህል ሰው በጠፍር እየጎተተ ያወጣው ነበር። ንጉሡ ራሳቸው ከወታደሩ ጋር ድንጋይ ይሸከሙ፣ አፈር ይዝቁ ነበር። ጥማድ በሬ አቀበት ላይ አቅቶት ያየ የጅጣን ገደል ድካም ለመገመት አይቸገርም። በመጋቢት ወር ሴባስቶፖል መቅደላ ደረሰ።

ወሎ ስለ ቴዎድሮስ ያለው ትዝታ ግን አንድ ወጥ አይደለም፤ ሊሆንም አይችልም። ንጉሡ በወሎ ላይ ደጋግመው ዘመቱ፤ የተማረኩትን እጅና እግር ቆረጡ። በ1857 ዓ.ም. ወጣቱ ምኒልክ ከመቅደላ አምልጠው ወደ ወይዘሮ ወርቂት ሲጠጉ፣ ንጉሡ በእጃቸው የነበረውን የወርቂትን ልጅ ገደሉባት። ከመጨረሻው ጦርነት ዋዜማም ብዙ እስረኞችን ከአምባው ጫፍ ወደ ገደል አስወርውረዋል። ስለዚህ እንግሊዞች ሲመጡ ወይዘሮ ወርቂትና ተቀናቃኟ ወይዘሮ መስተዋት የመቅደላን ዙሪያ ለመዝጋት ፈቃደኛ ሆነው መገኘታቸው አያስደንቅም። ንጉሡ መድፍ ለመጎተት መቶዎችን አገኙ፤ መድፉን ተማምኖ ከጎናቸው የሚቆም አገር ግን አላገኙም።

ጄኔራል ናፒየር በቀይ ባሕር ዳርቻ በዙላ ወርደው፣ እዚያው የባቡር ሐዲድ ዘርግተው፣ በ13,000 ያህል ወታደርና በአሥር ሺዎች በሚቆጠር የጭነት ከብት ከስድስት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዘው መጡ። ትልልቆቹን መድፎቻቸውንና ሁለት ሞርታሮቻቸውን ከሕንድ ያመጧቸው 44 ዝሆኖች ተሸከሙላቸው፤ ትንንሾቹ ተፈታትተው በበቅሎ ተጫኑ። ጅጣ ሲደርሱም ድካም አልጠበቃቸውም። ቴዎድሮስ ለሴባስቶፖል ያወጡት መንገድ ተዘርግቶ ቆያቸው። ንጉሡ ባላቸው ኃይል ሁሉ የሠሩት መንገድ ጠላታቸውን ያለ ችግር አሻገረ።

ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ በስቅለት ዕለት፣ ከአምባው በታች በአሮጌ ሜዳ ውጊያው ተደረገ። የንጉሡ ታማኝ ፊታውራሪ ገብርዬ ሠራዊቱን እየመሩ ወደ ታች ተወረወሩ። ከከባድ መድፎቹ አንዱ ባሩድ በዝቶበት ገና በመጀመሪያው ተኩስ ፈነዳ። የቀሩትም አረራቸው በእንግሊዞቹ ራስ ላይ አልፎ ሄደ። በሌላ ወገን የእንግሊዝ ወታደር ስናይደር የተባለውን፣ ከአፈሙዝ ሳይሆን ከኋላ የሚጎረስ አዲስ ጠመንጃ ይዞ ነበር፤ የንጉሡ ነፍጠኛ አንድ ጊዜ ባሩድ ሞልቶ እስኪጠቀጥቅ ድረስ እርሱ ደጋግሞ ይተኩሳል። በበቅሎ የመጡት ትንንሽ መድፎችና ሮኬቶችም ቁልቁለቱን አነደዱት። ዝናብ ይዘንብ ነበር። ገብርዬ ወደቁ፤ ከእርሳቸውም ጋር 700 ያህል ሰው። ከእንግሊዝ ወገን የቆሰለው ሃያ ያህል ነው። ያን ቀን የወሰነው የአረር ትልቅነት ሳይሆን የአተኳኮስ ፍጥነት ነበር፤ የኋለኛው ዘመን መትረየስም ሆነ ቦምብ ማስወንጨፊያ የተጓዘው በዚሁ አቅጣጫ ነው።

ንጉሡ እስረኞቹን ለቀቁ። እጃቸውን ግን አልሰጡም። ሚያዝያ 6 ቀን እንግሊዞች የመቅደላን በር ሰብረው ሲገቡ፣ ንግሥት ቪክቶሪያ በደጉ ዘመን በስጦታ የላከችላቸውን ሽጉጥ ጠጥተው ወደቁ። አምባው ተዘረፈ፤ ቀጥሎም ተቃጠለ። መድፎቹ እንዲሰባበሩ ተደረገ። እቴጌ ጥሩወርቅ ከእንግሊዞቹ ጋር ወደ ባሕር በሚወስደው መንገድ ላይ አረፉ። የሰባት ዓመቱ ልጃቸው ዓለማየሁ ወደ እንግሊዝ ተወሰደ፤ በ1872 ዓ.ም. በ18 ዓመቱ እዚያው ሞተ።

ሴባስቶፖልን ከአምባው ያወረደው የለም። አዲስ አበባ በቴዎድሮስ አደባባይ የቆመው አምሳያው ነው። ዋናው በደቡብ ወሎ በመቅደላ አምባ ላይ፣ ሰው ጎትቶ ባደረሰው ተራራ አናት፣ ዛሬም በሣር መካከል ተቀምጧል።